ለረጲ ሟቾች የስም ድንጋይ ይቁም!



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን የመጨረሻው አጀንዳ ሳይቋጭ መበተናችንን ታስታውሳላችሁ። አጀንዳው፣ በ2009 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን ማታ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ለፈጃቸው ሰዎች አደጋው በደረሰበት ቦታ መታሰቢያ ይቁም ወይስ አይቁም የሚል ነበር። ሰዓቱ ስለመሸ «በሚቀጥለው ይታይ» ተብሎ ታለፈ። ከዚያ ወዲህ ግን በየሱቁ ደጃፍና በየለቅሶ ድንኳኑ የሚወራውን ስሰማ፣ ነገሩ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ዝም ተብሎ የሚያድር ሆኖ አላገኘሁትም። ዝም ካልን የሚወስነው ስብሰባው ሳይሆን ወሬው ነው።

ስለዚህ ሐሳቤን በግልጽ ጽፌ በዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የኮሚቴ ውሳኔ አይደለም፤ የጸሐፊው ሐሳብ ነው። የማይስማማ ሰው ካለ ወረቀትና እስክሪብቶ ከማኅበሩ ቢሮ አይጠፋም፤ ይጻፍ፣ ከዚህኛው ጎን እንለጥፍለታለን።

ነገሩ ምን ነበር?

ያን ጊዜ ሕፃን ለነበሩና ከዚያ ወዲህ ወደ ሰፈራችን ለገቡ ጎረቤቶች ባጭሩ ላስታውስ። ረጲ፣ ሰው ሁሉ «ቆሼ» የሚለው ቦታ፣ ለ50 ዓመት ያህል የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ ነው። የመርካቶው፣ የፒያሳው፣ የቦሌው፣ የካዛንቺሱ ጥራጊ ሁሉ በመኪና እየተጫነ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ቦታው 36 የኳስ ሜዳ ያህላል ብሎ ጽፎለታል። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ የቆሻሻ መድፊያ ተከፈተ። የዚያ አካባቢ ገበሬዎች መሬታችንና ውሃችን ተበከለ ብለው ተቃወሙ፤ ዓመት ሳይሞላው ሥራው ቆመና ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመለሰ። በክምሩ ላይ ክምር ተጨመረ። ጎርፍ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ክምሩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ከፍ አለ።

ቅዳሜ ማታ ተናደ። ከሥሩ የነበሩት የጭቃ ቤቶችና የላስቲክ ጎጆዎች ከነሰዎቹ ተዋጡ። ሰው በአካፋና በባዶ እጁ ሲቆፍር አደረ፤ በስካቫተር የተደረገው ፍለጋም ቀናት ፈጀ። የሟቾቹ ቁጥር መጀመሪያ ከ40 በላይ ተባለ፤ ቀጥሎ ከ60 በላይ፣ ቀጥሎ 72፣ ቀጥሎ 113። ከሞቱት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ዛሬ ስለዚያ አደጋ የተጻፈውን ብታገላብጡ አንዱ 113፣ ሌላው 114፣ ሌላው 116 ይላል። እስቲ አስቡት! በግ ነጋዴ እንኳ ማታ በረት ሲያስገባ አንድ ሲጎድልበት ያውቃል። በ113 እና በ116 መካከል 3 ሰው አለ። እነዚያ 3 ሰዎች ስም ነበራቸው። እናት ነበራቸው። ማታ እራት በልተው ሊተኙ ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። ለስም ድንጋይ የምከራከረው ለሁሉም ሆኖ፣ በተለይ ግን ለእነዚያ ለ3ቱ ነው።

ለዚህ ጉዳይ የስም ዝርዝር ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። መሥሪያ ቤቱን እዚህ አልጠራም። በመጀመሪያው ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን «ዝርዝሩ እኛ ዘንድ አይደለም፣ ላይ ቤት ጠይቅ» ተባልኩ። ላይ ቤት ስሄድ «ታች ቤት ነው ያለው» አሉኝ። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ቀና ብሎ አየኝና «ይኼን ያህል ጊዜ ካለፈ በኋላ ለምን ፈለጋችሁት?» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። እንግዲህ መልሱ ይኸው።

የሚሉንን እንስማ

አንደኛ፣ «ቁስል አትቀስቅሱ፤ ዝም አይነቅዝም» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት አብዛኞቹ የተከበሩ አባቶች ስለሆኑ በአክብሮት እመልሳለሁ። አባቶቼ፣ የእኛ የሐዘን ሥርዓት መቼ ነው ዝም ያለው? ሰው ሲሞት ጡሩምባ የምናስነፋ፣ ድንኳን የምንጥል፣ 40ና 80 የምናወጣ፣ ሙት ዓመት የምንዘክር ሕዝብ አይደለንም ወይ? ቄሱ በፍታት ጊዜ የሟቹን ስም ይጠራሉ። ሙስሊሙ ወንድማችንም ለሟቹ ዱዓ ሲያደርግ ሟቹን እያሰበ ነው። አንድ ሰው ሲሞት ስሙን የምንጠራ ሰዎች፣ ከመቶ በላይ ሰው ባንድ ማታ ሲሞት ስም መጥራት ቁስል መቀስቀስ የሚሆነው በየትኛው ሥርዓት ነው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልጆቿ እዚያ የቀሩባት እናት ድንጋይ ቆመም አልቆመም ቁስሏ አለ። ድንጋዩ የሚያስታውሰው እሷን አይደለም፤ የረሳነውን እኛን ነው።

ሁለተኛ፣ «ለሞተ ድንጋይ ከማቆም ለቋሚ ዳቦ መግዛት ይሻላል» የሚሉ አሉ። ንግግሩ ያምራል። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ለችግረኛ መዋጮ ሲጠራ ይህ ዳቦ የሚባለው ነገር ለምን አይነሣም? መታሰቢያ ሲነሣ ብቻ ነው ወይ ዳቦው ትዝ የሚለን? ለቋሚ መርዳት ግዴታችን ነው፤ በየወሩ ይሁን፣ ዛሬ ይጀመር፣ እኔ መዝገቡን እይዛለሁ። የስም ድንጋይ ግን የዳቦ ጠላት አይደለም። የምንጠይቀው ነሐስ አይደለም፣ ፏፏቴ አይደለም፤ ጥርብ ድንጋይ፣ የፊደል ቀራጭ ዋጋና የሁለት ቀን ግንበኛ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ሦስተኛ፣ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ እኛን ምን አገባን» የሚሉ አሉ። ግማሹ ልክ ነው። ቦታውን መፍቀድና መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው። መንግሥት ሥራ መሥራት አያቅተውም፤ ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ቁልቁለቱ እንዲረጋ፣ ከክምሩ ሥር የሚወርደው ውሃ በቱቦ እንዲወጣና ክምሩ አየር እንዲያገኝ ፉኩኦካ በሚባለው ዘዴ ተሠርቷል። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴም ከቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ፋብሪካ እዚያው ረጲ ላይ ተመርቋል። ስለዚህ ለአንድ ድንጋይ የሚሆን ካሬ ሜትር አይጠፋም።

ስሞቹን ግን ከእኛ በቀር ማን ያውቃል? በመዝገብ የሚገኘው መታወቂያ ያወጣ ሰው ነው። በዚያ ቁልቁለት ሥር ግን ደባል ነበር። የደባል ደባል ነበር። በዚያ ሳምንት ከገጠር መጥቶ ዘመዱ ቤት ያረፈ ነበር። ክርስትና ያልተነሣ አራስ ነበር። ሰው ቤት ተቀጥራ ቅዳሜ ማታ እናቷን ልትጠይቅ የመጣች ልጅ ብትኖር በየትኛው ፋይል ትገኛለች? በጎረቤት ልብ ውስጥ ብቻ ነው የምትገኘው። ጎረቤት ደግሞ ይበተናል። ከሞት የተረፉት ብዙዎቹ ከቦታው ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር ገብተዋል። ከተማችን እየፈረሰች እየተሠራች ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ የስንት ዓመት ጎረቤት ባንድ ጊዜ ሲለያይ አይተናል። ነገ የእኛም ተራ ይደርሳል። ሰፈር ሲፈርስ ቤት ብቻ አይደለም የሚፈርሰው፤ ምስክርም ይበተናል። ለዚህ ነው «ቆይ ይደርሳል» የማይባለው።

አራተኛው ንግግር በስብሰባ ላይ በይፋ አልተነገረም፤ በሹክሹክታ ነው ያለው። «እነሱ ራሳቸው ናቸው ከቆሻሻ ሥር ቤት የሠሩት፤ ቆሻሻ ለቃሚ ሁሉ ሐውልት ሊቆምለት ነው?» ይላል። ይህን በአክብሮት አልመልስም። ማነው ቤት አማርጦ እዚያ የገባ? ኪራይ የረከሰበት ቦታ ነው የገቡት። ከክምሩ ላይ ላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚሸጡትስ የማንን ሥራ ነበር የሚሠሩት? ከተማው የጣለውን እየለዩ ከተማውን ያጸዱ ነበር። ክምሩ ውስጥ ከየቤቱ የወጣ ጥራጊ አለ፤ የሀብታሙም የድሃውም፣ የቢሮውም የሆቴሉም። የሁሉም ጥራጊ ነው የጥቂቶችን ቤት የደፈነው። ስለዚህ መታሰቢያው ለድሃ የሚሰጥ ምጽዋት አይደለም። ዕዳ ነው፣ የአዲስ አበባ ዕዳ።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

እንዲህ ያለው አደጋ በእኛ አልተጀመረም። በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ባለች ዌልስ በምትባል አገር አበርፋን የሚባል የማዕድን ሠራተኞች መንደር አለ። ከመንደሩ በላይ ከድንጋይ ከሰል ማውጫው የወጣ ጥራጊ እየተከመረ ተራራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጥቅምት 21 ቀን ጠዋት ክምሩ ተንዶ ትምህርት ቤት ላይ ወረደ። 144 ሰው ሞተ፤ ከነዚህ 116ቱ ልጆች ነበሩ። የሞታቸውን ምክንያት የሚያጣራው ሹም የአንዱን ልጅ ስም ጠርቶ የሞቱን ምክንያት በሕክምና ቃል ሲያነብ፣ አባትየው ተነሥቶ አይሆንም አለ። ልጄን ከነሕይወቱ የቀበረው የመንግሥቱ የድንጋይ ከሰል ድርጅት ነው፤ በመዝገብ እንዲጻፍልኝ የምፈልገው ይኼን ነው አለ። በኋላም አጣሪ ጉባኤ ተቀምጦ ጥፋቱ የድርጅቱ ነው ብሎ ፈረደ። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በነበረበት ቦታ የመታሰቢያ አትክልት ቦታ አለ፤ የልጆቹም መቃብር በነጭ ቅስት ተሰልፎ ከሩቅ ይታያል።

ግን ከዚያ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለ። ከዓለም ዙሪያ ለሐዘንተኞቹ ከተዋጣው ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ ተወስዶ የቀሩትን ክምሮች ለማንሣት ዋለ። ክምሩን የከመረው ድርጅት እያለ ሐዘንተኛው ከፈለ! ያ ገንዘብ የተመለሰው ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሊመለስ የቻለው መንደሩ ስላልረሳ ነው። የረሳ ሰው ዕዳውን አይጠይቅም።

በኢንዶኔዥያም ባንዱንግ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2005 የካቲት 21 ቀን እንደ እኛው ያለ የከተማ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ140 በላይ ሰው ገደለ። ያ ቀን በአገሩ በየዓመቱ የሚታሰብ ብሔራዊ የቆሻሻ ጉዳይ ቀን ሆነ። እኛ መጋቢት 2ን ምን አደረግነው?

ከሩቅ አገር ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት 1 ቀን የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰው ሞተ። ነፍስ ይማር። አውሮፕላኑ በወደቀበት ቦታ ለሚቆመው መታሰቢያ ዓለም አቀፍ የንድፍ ውድድር ወጣ። ይህ ትክክል ነው፤ ማንም ሰው «ለሞተ ምን ያደርጋል» አላለም፣ ሊልም አይገባውም ነበር። ታዲያ የመጋቢት 1ዱ ሐዘን የመታሰቢያ ቦታ የሚገባው ከሆነ፣ የመጋቢት 2ቱ ሐዘን ለምን አይገባውም? በአውሮፕላን የሚሄድና ከቆሻሻ ሥር የሚተኛ ሰው በሞት ጊዜም ይበላለጣል? እግዚአብሔር ዘንድ እንደማይበላለጥ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ዘንድስ?

የማንፈልገው

መታሰቢያ ይቁም ከሚሉት ወገኖች ጋርም ሁሉ አልስማማም። አንዳንዶች «ከተሠራ ትልቅ ይሁን፣ መኻል ከተማ አደባባይ ላይ ይሁን» ይላሉ። አይሆንም። የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት አደባባይ ላይ ያማረው ግፉ የመላው ከተማ ስለነበር ነው። ይኼኛው ቦታ አለው፤ ቦታው ረጲ ነው። አደባባይ ላይ ቢቆም መኪና ይዞረዋል እንጂ ሰው አይቆምበትም። እናትም መርገጥ የምትፈልገው ልጇ የቀረበትን መሬት እንጂ የአደባባይ ሣር አይደለም።

ሌላው የማንፈልገው ነገር የመራቂው ስም ከሟቾቹ ስም በልጦ በትልቅ ፊደል የሚጻፍበትን ሐውልት ነው። ይኼ በአገራችን የለመድነው በሽታ ስለሆነ ከወዲሁ ይነገር። በዚያ ድንጋይ ላይ የቆመ ሰው ስም አይጻፍም። የከንቲባም፣ የማኅበር ሊቀመንበርም፣ የጸሐፊም።

በሦስተኛ ደረጃ «የተፈጥሮ አደጋ» የሚለውን ቃል አንፈልግም። ተራራን እግዚአብሔር ፈጠረው። ያንን ክምር ግን ሰው ነው የከመረው፤ ሰው ነው ይቁም ያለው፣ ሰው ነው ደግሞ ይቀጥል ያለው። ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ፍርድ የፍርድ ቤት ነው። ነገር ግን በድንጋይ ላይ ሐሰት አይጻፍ። «በተፈጥሮ አደጋ» ብለን ከጻፍን ልጆቻችን ሌላ ክምር ሲያዩ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እውነቱን ከጻፍን ክምሩን ያያሉ።

የምንፈልገው

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ እነዚህን 4 ነጥቦች አቀርባለሁ፤

1ኛ. አደጋው በደረሰበት ቦታ፣ ከክምሩ በቂ ርቀት ላይ አደጋ በማያሰጋበት ሥፍራ፣ ለአንድ የስም ድንጋይ፣ ለጥቂት ዛፎችና ለመቀመጫ የሚሆን ቦታ እንዲፈቀድልን ማኅበሩ በጽሑፍ ይጠይቅ። ወደፊት ቦታው ለማንኛውም ልማት ቢውል ድንጋዩ እንዳይነሣ በደብዳቤ ይረጋገጥልን።

2ኛ. ስም እንሰብስብ። ከየዕድሩ፣ ከየቤተ ክርስቲያኑና ከየመስጊዱ አንድ አንድ ሰው ይመረጥ። ማንኛውም ሰው የሚያውቀውን ሟች ስም፣ የአባት ስምና ዕድሜ ያስመዝግብ። የአባቱ ስም ካልታወቀ የሚጠራበት ስም ይበቃል። ስም ያልወጣለት ሕፃን ቢኖር «የእገሊት ልጅ» ተብሎ ይጻፍ። ከቤተሰቡ ፈቃድ ውጪ ግን አንድም ስም አይቀረጽ።

3ኛ. በድንጋዩ ራስ ላይ የሚጻፈው አጭር ይሁን፤ በ2009 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን የከተማው ቆሻሻ ክምር ተንዶ በዚህ ቦታ የሞቱ ሰዎች። ከዚያ በታች ስማቸው በፊደል ተራ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይለይ፣ ባለቤትና ተከራይ ሳይለይ። ከሁሉም በታች ባዶ መስመር ይተው፤ ነገ አንድ የተረሳ ስም ቢገኝ የሚገባበት።

4ኛ. በየዓመቱ መጋቢት 2 ቀን ሥራችንን ለአንድ ሰዓት አቁመን በቦታው እንገናኝ። ቄሱም ሼኩም ይጸልዩ፤ ስሞቹ ጮክ ተብለው ይነበቡ። ንባቡ የሰፈራችን ተማሪዎች ድርሻ ይሁን፤ ስም ያነበበ ልጅ አይረሳምና።

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር ቤታችንን አያፈርስ፣ ኪሳችንን አያራቁት። የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፤ የምናውቀውን ስም ከልባችን አውጥተን ወደ መዝገብ ማምጣት። መዝገቡን ከፍቼአለሁ። ማኅበሩ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ነው። እስካሁን የተጻፈበት ገጽ አንድ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ከሥራ ስትመለሱ፣ እሑድም ከቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብም ከመስጊድ ስትመለሱ ጎራ በሉ። መጻፍ የማይችል ይንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። ይውላል፤ ግን የሚያውለው ሰው ሲኖር ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ